መሬት የሚባለው ሽፋን

የመድን ወኪሉ ደምሰው ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ ከቦርሳው የራሱን ለስላሳ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አውጥቶ አጠለቀና ሳሎኑ ውስጥ በሽተኛ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። በአዳማ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ያለበት ቤት ውሉ በአካል ቀርቦ እንዲነበብለት ሕግ ያዛል። በሌላው ቤት ግድግዳው ራሱ ያነበዋል።

«ስምህ ማነው ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና።

«ደምሰው እባላለሁ፣ እማማ።»

«የአያቴ አባት ደምሰው ይባሉ ነበር። ዘንድሮ ወጣቱ ሁሉ የእነሱን ስም ይዟል።»

እውነታቸውን ነው። እሳቸው በተወለዱበት ዘመን ኤልዳና የሕፃን ስም ነበር። አሁን ገበያ መሃል «ኤልዳና!» ተብሎ ሲጠራ ዞር የሚሉት ከዘራ የያዙ ሴቶች ብቻ ናቸው። ልጃቸው ሄራን እንኳ ሃምሳን አልፋለች። ሄራን የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፤ በዚያን ቀን ይህን ውል ለመጨረስ ብላ ከሥራ ቀርታለች።

ደምሰው ሦስቱን ሽፋኖች አስረዳ። «ጣሪያ» የሚባለው ለነፋስ፣ ለበረዶና ለእሳት ይከፍላል። «ግድግዳ» የሚባለው በዚያ ላይ ለመሰንጠቅ ይከፍላል። «መሬት» የሚባለው ሁሉንም ያጠቃልላል፤ ከቤቱ ሥር ምድር የተከፈተ እንደሆነም በሌላ ቦታ ሌላ ቤት ይሰጣል። ምንም ሽፋን ሳይገባ መኖርም አይከለከልም። ሆኖም ሽፋን የሌለው ቤት የጎረቤቶቹን አረቦን ስለሚያስጨምር ባለቤቱ ሰፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም። ጎረቤቶቹ ዕቃውን በመጫን ያግዙታል።

«የሚሸፍነውን ሰማሁ» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። «አሁን ደግሞ የማይሸፍነውን አንብብልኝ። የመሬቱን።»

ደምሰው አነበበ። ንባቡ ረጅም ስለነበር መሃል ላይ ውኃ ጠየቀ። በሙቀጫ መውቀጥ፣ ገመድ መዝለል፣ በር ማላተም፣ ከባድ ብረት ማከማቸት፣ በግቢው ውስጥ ከአሥራ ሁለት ሰው በላይ መሰብሰብ፣ ቤቱን ከሦስት ቀን በላይ ያለ ሰው መተው፤ እነዚህ ሁሉ ሽፋኑን ያቋርጣሉ።

«ለቅሶስ?» አሉ አሮጊቷ።

«ለቅሶ አልተከለከለም፣ እማማ። የተከለከለው ከአሥራ ሁለት ሰው በላይ መሆኑ ነው።»

«በአሥራ ሁለት ሰው የተለቀሰለት ሰው አላውቅም።»

ወይዘሮ ኤልዳና የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው። ድንኳኑ፣ የብረት አግዳሚ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ድስቶች ለዓመታት የተቀመጡት ከእሳቸው ቤት ጀርባ ባለው ክፍል ነው። ደምሰው ይህን ያውቃል። ክፍሉን በዓይኑ አላየም፤ ግን የቤቱ ክብደት ተመዝግቧል።

ወኪሉ ከሄደ በኋላ እናትና ልጅ ተከራከሩ። የተከራከሩት በዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ በዚያ ከተማ ሰው ሲናደድ ድምፁን ይቀንሳል።

«ግድግዳው ይበቃናል» አሉ እናት።

«እማ፣ የፀጉር አስተካካዩን ረሳሽው?»

የፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ከመንገዱ ታችኛው ጫፍ ነበር። ባለፈው ክረምት ምድሪቱ ተከፍታ ዋጠችው። ሰውየው ምሳ በልቶ ሲመለስ ሱቁ በቦታው አልነበረም። ሽፋኑ «ግድግዳ» ስለነበረ ኩባንያው ባለሙያ ልኮ አስመረመረ፤ ግድግዳዎቹ ሳይሰነጠቁ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች መውረዳቸው ስለተረጋገጠ ካሳ አልተከፈለውም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ቁልቁል ላየ ሰው የደንበኛ ወንበሩ እስከ ዛሬ ይታያል።

«እኔ ሌላ ቤት መሥራት አልችልም» አለች ሄራን። «ይሄ ከሄደ ሄደ። አንቺን የት አደርግሻለሁ?»

ሄራን አውራ ጣቷን ግድግዳው ላይ አስቀመጠችና «መሬት»ን መረጠች። ግድግዳው አመሰገናት።

በማግስቱ የእድሩ አባላት ንብረታቸውን ሊያወጡ መጡ። ሁሉም ቤት ሽፋን ስላለው ብረት የሚያስቀምጥ አልተገኘም፤ በመጨረሻ ሥራ ያቆመ አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ከተቱት። ወይዘሮ ኤልዳና በረንዳ ላይ ተቀምጠው ወንበሮቹ አንድ በአንድ ሲወጡ አዩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ በአዳማ እንደሚኖረው አብዛኛው ሰው ኑሮ ነበር። በር ላይ ያለው ንጣፍ የሚገባውን ሰው ይቆጥራል። ኩባንያው በየክፍሉ የተከለው ጆሮ የሚሰማውን ይሰማል። ሰው በሩን በመዳፉ ደግፎ ይዘጋል፤ ሌላ ከተማ ሄዶ ያደረ የአዳማ ሰው በዚህ ይታወቃል። ልጆች ደስ ሲላቸው ይቀመጣሉ። መዝለል በእርግጥ መሬት ይሰነጥቅ እንደሆነ ኩባንያው ተጠይቆ «አልተረጋገጠም» ብሏል። አልተረጋገጠም ማለት ግን አይሰነጥቅም ማለት ስላልሆነ ማንም አይዘልም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ኤልዳና ከማድ ቤቱ ጥግ የደበቋትን ትንሽ ሙቀጫ አውጥተው ኮረሪማ ወቀጡ። ከታች ጨርቅ አንጥፈው ነበርና የማድ ቤቱ ጆሮ አልሰማም። ቢሆንም ማታ ላይ ግድግዳው «ከጎረቤት ጥቆማ ደርሶናል» አለና አረቦናቸው መጨመሩን አሳወቀ። ጠቋሚ ቅናሽ ያገኛል። ከእነሱ ማድ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው የእትዬ ሶልያና ማድ ቤት ብቻ ነው።

እትዬ ሶልያና ሰባ ዓመት አካባቢ የሆናቸው፣ በሥርዓት የሚኖሩ ሴት ናቸው። ከባላቸው ከጋሽ ኢዮስያስ ጋር ሲኖሩ አንድም ቀን በር አላትመው፣ አረቦን አሳልፈው አያውቁም። ሄራን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዋን አንገት ወደ መነቅነቅ አወረደችው። ጋሽ ኢዮስያስን ግን እንደ በፊቱ ቆማ ታናግራቸዋለች። ስለ ኳስ ያወሯታል፤ እሷ ኳስ አትወድም፤ ግን ትሰማቸዋለች። ስለ ጥቆማው አንድም ቀን አልተነጋገሩም። ብቻ ከዚያ ሳምንት በኋላ ጋሽ ኢዮስያስ ለኤልዳና የተፈጨ ኮረሪማ ገዝተው በአጥር ላይ አቀብለዋል።

ጋሽ ኢዮስያስ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ጨዋታ እያዩ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ሞቱ።

እትዬ ሶልያና ወደ ሄራን በር የመጡት አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ነው። ንጣፉ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ ዓይናቸው ደረቅ ነበር።

«ለኤልዳና ልንገራት ብዬ ነው» አሉ። «ኢዮስያስ አረፈ።»

ሄራን መጀመሪያ ቃሉ አልገባትም። ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ይህም ከልማድ ነው።

«መቼ? እትዬ ሶልያና፣ ለምን አልጮኹም? ለምን አልሰማንም?»

«ጮኼ ነበር። ቤቱ ‹ድምፅዎ ከፍ ብሏል፣ ውኃ ቢጠጡ ይመከራል› አለኝ። ጠጣሁ።»

ወይዘሮ ኤልዳና በከዘራቸው ተደግፈው ወጥተው ነበር። «ድንኳኑ የት ይተከላል?» ሲሉ ጠየቁ።

«አይተከልም፣ ኤልዳናዬ። የእኔም ሽፋን መሬት ነው። ኩባንያው የለቅሶ አዳራሽ አለው፤ ለሐሙስ ተራ ሰጥተውኛል። አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰው እየገባ ይወጣል።»

ኤልዳና ልጃቸውን አዩዋት። አልለመኗትም፣ አላዘዟትም። ሄራን ወደ መንገዱ ታችኛው ጫፍ ተመለከተች፤ እዚያ ከጉድጓዱ ዙሪያ የታሰረው ቢጫ ገመድ በነፋስ ይወዛወዛል። ስለ ቤቱ አሰበች። አባቷ መሠረቱን ያስቆፈሩት እሷ ተማሪ ሳለች ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘችው ነገር ሁሉ እዚህ ግድግዳ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ሶልያናን አየች። ሴትየዋ ንጣፉ ላይ እንደቆሙ ናቸው፤ ግቡ ስላልተባሉ አልገቡም።

«ግቡ» አለች ሄራን።

«ሄራን፣ የኮረሪማውን ነገር ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ውጭ ልተውዎት? ይግቡ እንጂ። ድንኳኑ እኛ ጋ ይተከላል።»

ከወፍጮ ቤቱ ወንበሮቹን ያመጡት የእድሩ ሰዎች ናቸው። ብረቱን እንደ እንቁላል እያስቀመጡ ተከሉ፤ ድንኳኑ ቆመ፤ ሰው መግባት ጀመረ። አሥራ ሦስተኛው ሰው ንጣፉን ሲረግጥ ቤቱ በትሕትና ተናገረ፦ «በግቢው አሥራ ሦስት ሰዎች አሉ። ከቀጠሉ ሽፋንዎ ቁጥሩ እስኪቀንስ ድረስ ይቋረጣል። ይቀጥሉ?»

አሥራ ሦስተኛው የፀጉር አስተካካዩ ነበር። አንድ እግሩን አንሥቶ ሄራንን ጠበቀ።

«ቀጥል» አለች ሄራን፣ ለማን እንደሆነ ባይታወቅም። ሰውየው ገባ።

መጀመሪያ ማንም በቅጡ አላለቀሰም። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ በነጠላው ውስጥ በቀስታ ይንሰቀሰቃል። አንዳንዶቹ ዕድሜ ልካቸውን በጩኸት ሲለቀስ ሰምተው አያውቁም። እንዲህ ቆይቶ ወይዘሮ ኤልዳና ከወንበራቸው ተነሡ፤ ከዘራቸውን ጣሉና ደረታቸውን እየመቱ «ኢዮስያስ! ኢዮስያስ ወንድሜ! በሬን ማን ያንኳኳልኝ!» ብለው ጮኹ። ሁሉም ደነገጠ። ሁለት ወጣቶች ወደ መሬት አዩ። ከዚያ እትዬ ሶልያና ጮኹ፤ ቀጥሎ ሄራን፤ ከዚያ ማን እንደጮኸ ማን እንዳልጮኸ መለየት አልተቻለም። ሄራን የራሷን ድምፅ ስትሰማ አላወቀችውም። ለጋሽ ኢዮስያስ አለቀሰች፤ ለአባቷም አለቀሰች፤ አባቷ የተቀበሩት በሹክሹክታ ነበር። ምድሪቱ በዚያን ቀን አልተሰነጠቀችም።

ሰኞ ቀብሩ ተፈጸመ። በቀጣዮቹ ቀናት ሰው ከየሰፈሩ መጣ። ለቅሶ ነው ብሎ የመጣ አለ፤ በእግሩ ድም ድም እያደረገ መራመድ አምሮት የመጣም ሳይኖር አልቀረም። እትዬ ሶልያና ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም ተብሎ ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶች ጋር ያድራሉ። ወይዘሮ ኤልዳና ወገባቸውን ስለሚያማቸው ሌሊት ሌሊት አልጋቸው ላይ ይተኛሉ። ማታ ሰዉ ሲበተን ቤቱ «ሽፋንዎ ተመልሷል» ይላል፤ ጠዋት ሲሞላ «ተቋርጧል» ይላል። በሦስተኛው ቀን ማንም አይሰማውም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት፣ ንፍሮ እየታደለ ሳለ፣ ምድሪቱ ተነቃነቀች።

ሰዉ እንደ ልማዱ ብርጭቆውን ይዞ እስኪያልፍ ጠበቀ። አላለፈም። ከቤቱ ጀርባ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ የሄራን ማድ ቤት ሄደ፤ ቀጥሎ ከሶልያና ጋር የሚዋሰነው ግድግዳ፤ ከዚያ የሁለቱም ቤት ጣሪያ ጉልበቱ እንደደከመ ሰው በዝግታ ዝቅ ብሎ ተቀመጠና ጠፋ። ሄራን የእናቷን ክንድ ይዛ ቆማ አየች። እናቷ ከአልጋቸው ተነሥተው ወደ ድንኳኑ ከመጡ ብዙም አልቆዩም ነበር። ድንኳኑ ተወዛወዘ፣ አልወደቀም። አቧራው ሲቀመጥ ሁሉም አጠገቡ ያለውን ቆጠረ። የጎደለ ሰው አልነበረም።

ከጉድጓዱ ውስጥ የቤቱ ድምፅ ተሰማ። «እባክዎ ይረጋጉ። በግቢው አርባ አንድ ሰዎች አሉ። ሽፋንዎ ለጊዜው ተቋርጧል።» ይህንኑ እስከ ማታ ሲደጋግም ዋለ።

በከተማው ሁለት ወሬ ተወራ። አንደኛው፣ ለቅሶው ባይኖር ኖሮ ሦስቱ ሴቶች ከቤታቸው ጋር ይወርዱ ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ለቅሶው ባይኖር ኖሮ ምድሪቱ አትከፈትም ነበር የሚል ነው። ኩባንያው ስለ ሁለቱም ተጠይቆ «አልተረጋገጠም» ብሏል። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አንዲት ደንበኛ ሄራንን ፊት ለፊት ጠየቀቻት። ሄራን ክኒኑን ቆጥራ ሰጠቻትና «እኔም አላውቅም» አለቻት። እውነቷን ነው፤ አታውቅም ነበር፤ ለብዙ ጊዜም እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው።

ደምሰው የመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሦስቱ ሴቶች አሁንም ድንኳኑ ውስጥ ናቸው፤ ድንኳኑ ግን ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ ተተክሏል። ደምሰው የሚያወልቅበት በር ስላልነበረ ከነጫማው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ነፍስ ይማር አለ። ከዚያ ሥራውን ጀመረ።

«በሩ አርባ አንድ ሰው ቆጥሯል» አላት ለሄራን። «ስለዚህ በዚያች ደቂቃ ሽፋኑ አልነበረም።»

«በሩ የሚቆጥረው ግቢውን ነው። ሰዉ ድንኳን ውስጥ ነበር። ክፍሎቹ ምን ሰሙ?»

ደምሰው በእጁ የያዘውን የመዝገብ መሣሪያ አየ። «ምንም። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም።»

«ስለዚህ ቤቱ ባዶ ነበር።»

«ባዶ ቤት ደግሞ፣ ወይዘሮ ሄራን...»

«ከሦስት ቀን በላይ ከሆነ ነው። አንብበህልናል። እናቴ በየሌሊቱ አልጋዋ ላይ ነው ያደረችው። ክፍሉ ስታንኮራፋ ሳይሰማት አይቀርም።»

«እኔ አላንኮራፋም» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና።

ደምሰው መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ አየና «ሰምቷል፣ እማማ» አለ።

«እንግዲህ የትኛው ነው?» አለች ሄራን። «ቤቴ ሰው በዝቶበት ነው የወደቀው፣ ወይስ ባዶውን?»

«ሁለቱም እውነት ነው።»

«ሁለቱንም ጻፋ።»

«መሣሪያው አንድ ብቻ ነው የሚቀበለው።» ደምሰው ላቡን ጠረገ። «‹ሰው በዝቶ› ካልኩ ይዘጋል፣ ማንም አይጠይቀኝም። ‹ባዶ› ካልኩ ቤት ይሰጣችኋል፤ እኔ ግን ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እጠየቃለሁ።»

«እናት አለችህ?» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና።

«አለች።»

«እድር አላት?»

«የላትም። የእኛ ሰፈር እድር ፈርሷል።» ድንኳኑን ቀና ብሎ አየው፤ የተጣፈበትን ቦታ ሁሉ አየው። ከዚያ በጣቱ «ባዶ» የሚለውን ነካና መሣሪያውን ጭኑ ላይ ደፋው። ማንም አላመሰገነውም፤ ማመስገን የሚያስጠይቀው መስሏቸው ነው።

«የእትዬ ሶልያናስ?» አለች ሄራን።

ደምሰው ይህን ጥያቄ ሲፈራ ነበር። የሶልያና ቤት ከእሑድ ጀምሮ ባዶ ነበር። ንጣፉም ክፍሎቹም ይህንኑ ይላሉ፤ የሚመረጥ ነገር የለም።

«ከሦስት ቀን አልፏል» አለ።

«ባሌን እየቀበርኩ ነበር» አሉ እትዬ ሶልያና።

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ቀድመው ቢያሳውቁን ኖሮ...»

«አንድም ቀን በር አላትሜ አላውቅም።»

«እሱም ተመዝግቧል። በጣም ጥሩ ደንበኛ እንደነበሩ ተመዝግቧል።»

እትዬ ሶልያና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ጥቂት ቆይተው አለቀሱ፤ ያለቀሱት በለመዱት በዝቅተኛው ድምፅ ነው። ወይዘሮ ኤልዳና ጠጋ ብለው ትከሻቸውን ያዙ። ሄራን ወደ ደምሰው ዞረች።

«አዲሱ ቤት ስንት ክፍል ነው?»

«ሁለት። ከከተማው በላይ፣ ደልዳላው ላይ። የነዋሪዎቹን ስም ልመዝግብ። እርስዎና እማማ፣ ሁለት ሰው።»

«ሦስት። እትዬ ሶልያናም አሉ።»

ደምሰው ሊጽፍ ጣቱን አነሣና አቆመ። «ምንዎ ናቸው?»

«ጎረቤቴ።»

«ወይዘሮ ሄራን፣ እዚህ እሱን አይቀበልም። ጎረቤት ማለት ሌላ ቤት የሚኖር ሰው ነው።»

«ቤት የላቸውማ።»

ደምሰው አሰበ። ነፋሱ የድንኳኑን ሸራ ገፋ አድርጎ ለቀቀው። እትዬ ሶልያና ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ያዳምጡ ነበር።

«‹እህት› ልበለው?» ሲል ጠየቀ።

ሄራን እትዬ ሶልያናን አየቻቸው። ሴትየዋ አፍንጫቸውን ጠረጉና ቀና ብለው ተቀመጡ።

«ታላቅ በለው» አሉ።